ከወንበሩ ሥር

ከጀህራ ስንወጣ፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣
ባባ ጠመንጃውን ጠቀለለው በጨርቅ፤
እንደ አራስ ነው የያዘው፣ አንገቱን ደግፎ፣
ከረጢት ውስጥ አስተኛው፣ ዚፑንም ቆልፎ።

«ስማ፣ ሕጉ እንዲህ ነው» አለ ለበኩር ልጁ፣
«ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ጥርቅም ይበል ደጁ፤
ጥይቱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ፤
አንድ ቤት አያድሩም፣ እንኳን ባንድ ስልቻ።»

ጥይቱ ከኋላ ሄደ፣ ከድንኳኑ ካስማ መሐል፤
ጠመንጃው ከወንበሬ ሥር፣ እግሬ ላዩ ላይ ተተክሏል።
በጉልበቴ መሻሪን፣ በእግሬ ብረት ይዤ፣
ሁለቱን እንቅልፋም ስጠብቅ ፈዝዤ፣
የሳልሚን መንገድ ያዝን።

በኛም አገር ያው ነበር። ኩታበር፣ የገበያ ቀን፣
ረዳቱ ከበሩ ላይ «ካርታ ይነቀል!» ሲለን፣
አጎቴ እየተነጫነጨ ነቅሎ ለሚስቱ ይሰጣል፤
ካርታው በሷ ዘንቢል፣ ከሽንኩርቱ ሥር ይሄዳል።
እሱ ብረቱን ታቅፎ ጋቢና ውስጥ ሲያንጎላጅ፣
እሷ ቆማ ነው መንገዱ፣ ሠላሳ ጥይት ባንድ እጅ።

ኬላ። ሰማያዊ መብራት። ፖሊሱ «መሣሪያ ይዛችኋል?»
«ይዘናል፣ ግን በሕጉ። ያው ከወንበር ሥር ተኝቷል።»
እግሬን ሰበሰብኩለት። ዚፑ ተንሸራተተ።
ከብረቱ ላይ ቁጥሩን በጣቱ እየጎተተ
ከወረቀቱ አስተያየው፤ ዓመቱን፣ የተሠራበትን አገር፣
የጌታውን ሙሉ ስም፣ አያቱን ጭምር ሳያስቀር።
አንድም ሐሰት የለበትም። «ጥሩ ነው» አለ። አጠፈው።
ለብረት እንዲህ ያለ መልካም ልደት ማን ጻፈው?

«እሷስ?» አለ።

ሁላችንም በመስታወቱ የመንገዱን አቧራ አየን።

እኔ እንግዲህ፦ ኢቃማዬ ካለፈበት ስድስት ወሩ፤
ፓስፖርቴም በመዳም መሳቢያ፣ ከወርቋ ጋር ነው ማደሩ፤
ስሙም ቢሆን የኔ አይደል። ቶይባን ፍቆ ደላላ
«ሰሚራ» ብሎ ጻፈና፣ አምስት ዓመት ጨምሮ ሌላ
ሴት አድርጎ ነው የላከኝ። እዚህ ቤት ደግሞ «ሙና» ነኝ፤
ሦስት ስም ይዤ ስዞር፣ ባንዱ እንኳ ማን አገኘኝ?

ጥይቱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ።
ያው ሕግ ኖሯል ለካ፣ እቤትም፣ በኔ ላይ ብቻ፤
እኔን ወዲህ፣ ደብተሬን ወዲያ። ምን ፈርተው ነው?
እንዳልተኩስ ይሆን?

«የቤት ናት» አለች መዳም፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።
ከኋላችን የተሰለፈው ክላክሱን ነፋ።
ፖሊሱ ግን ቆሟል።

መሻሪ ነቃ። ከብብቱ ሥር የፕላስቲክ ጠመንጃውን
(አፈሙዙ ብርቱካንማ፣ ፈቃድም የለው፣ ሕግም አያውቀው)
አወጣና በመስኮቱ «ጣ! ጣ! ጣ!» አለ በፖሊሱ።
ሰውየው ሳቀ። ሁለት እጁን ሰቀለ እስከ ራሱ።
እኔም አብሬ ሰቀልኩ።
ማንም እኮ አላዘዘኝም።

«ሂዱ» አለን።

ቀኑን ሙሉ ሩዝ ሳጥብ፣ ሥጋ ሳገላብጥ፣ ሲተኩሱ ሰማሁ፤
ለመጀመሪያው ደነገጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ለመድኩ፣ ከዚያ ረሳሁ።
ማታ ፈሃድ ቀለሁን ለቅሞ አንድ ባንድ ቆጠረ፤
ሃያ ሦስት። አንዱ የለም፣ አሸዋ ውስጥ ቀረ።
እኔ ነኝ የተላክሁት። በስልክ መብራት፣ በእጄ እየዳበስኩ፣
እስኪገኝ የሚሄድ የለም። አገኘሁት። ሰጠሁና ተመለስኩ።

አሁን እንደገና ከእግሬ ሥር ነው። የብረቱ ሙቀት
በሸበጤ በኩል ይሰማኛል፣ ገና አልበረደም።
ፈቃዱ፣ ኬላው ላይ ሲነበብ እንደሰማሁት፣
እስከ ሐምሌ ያገለግላል።